አሰላፊ ያልተቀጠረበት ድልድይ

ትናንት ከምሳ በኋላ ናሁሰናይ ቢሮው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሕልም አየ። የቀን ሕልም አይፈታም የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። ሆዱን በሽሮ ሞልቶ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ በሥራ ሰዓት ለሚያንኮራፋ ሰው ፈጣሪ ሌላ ምን መልእክተኛ ይላክለት?

ከሕልሙ በፊት ግን የሆነ ነገር አለ። እሱን ሳልነግራችሁ ብቀጥል ትናደዱብኛላችሁ፣ እውነታችሁንም ነው።

ናሁሰናይ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ኮድ ይጽፋል። እላይ ደጋው ላይ፣ እንዶዴ ወንዝ ዳር፣ አንዲት የብረት ሳጥን ተተክላለች። ሳጥኗ የውሃውን ከፍታ እየለካች በኔትወርክ ወደ ከተማ ትልካለች፤ ከተማ ያለው ኮምፒውተር ቁጥሩን ተቀብሎ ስክሪን ላይ ያሳያል። ውሃው የሚያሰጋ ከሆነ ስክሪኑ ይቀላል፣ ታች ቆላ ላሉት ለሸንበቆ ሜዳ ሰዎችም ይደወላል። ግንቦት ላይ አሮጌው ኮምፒውተር ሞተ። በምትኩ ዘሩ ሌላ የሆነ አዲስ ኮምፒውተር ተገዛ፤ ናሁሰናይም የአሮጌውን ኮድ እንዳለ ወደ አዲሱ አጋዘው።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር ቁጥር ሲልክ ቆራርሶ ነው የሚልከው፤ ትልቅ ቁራሽ አለ፣ ትንሽ ቁራሽ አለ። አንዳንዱ ዘር ትልቁን ያስቀድማል፣ አንዳንዱ ትንሹን። እርስ በርስ እንዳይጣሉ ደግሞ የቆየ ሥርዓት አላቸው፦ መንገድ ላይ ሁሉም ትልቁን አስቀድሞ ይሂድ፣ ቤቱ ሲገባ እንደ ቤቱ ልማድ ይሰለፍ። ይህን የምታሠራው አንዲት መስመር ኮድ ናት። እሷን የጻፈ ሰው ኮዱን ወደፈለገው ዘር ማሽን ይዞት ቢሄድ አያፍርም። ሳጥኗና አሮጌው ኮምፒውተር ግን ዘራቸው አንድ ስለነበር ያለ እሷ ተግባብተው ኖረዋል። ናሁሰናይ ይህን አጥቶት አይደለም፤ እንዴት ያጣዋል! ግን አለቃው አቶ ልሳነወርቅ "እንግዶች ተጠርተዋል፣ ሪባኑ ነገ ይቆረጣል" እያሉ መቆሚያ መቀመጫ ሲያሳጡት "ኋላ አስገባታለሁ" አለና ተዋት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ለመልቀምም አልታደለ።

በማግስቱ በእንግዶቹ ፊት ተሞከረ። በጋ ነውና ወንዙ ደርቋል። ሳጥኗ ዜሮ ላከች፣ ከተማ ዜሮ ደረሰ። ዜሮን ከፊት ብታነበው ዜሮ፣ ከኋላ ብታነበው ዜሮ። ተጨበጨበ። ክረምት ገባ፣ ስክሪኑ አሁንም ዜሮ ይላል። "ዘንድሮ ደጋው አልዘነበለትም ማለት ነው" አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ ጃንጥላቸውን እያራገፉ።

ትናንት ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ። እቴቴ ማንጠግቦሽ ናት፣ ከሸንበቆ ሜዳ። ወላጆቹ ካለፉ በኋላ ያሳደገችው አክስቱ ናት። የእድሩ የሴቶች ሰብሳቢ ስለሆነች እሷ ከተነሳች ሰፈሩ ይነሳል፣ እሷ ከተቀመጠች ሰፈሩ ይቀመጣል።

"ናሁዬ፣ የወንዙ ድምፅ ደስ አላለኝም። መልኩም ተለውጧል። ሰዉን አስነስቼ፣ የእድሩን ድስትና ድንኳን አሸክሜ ወደ ትምህርት ቤቱ ጉብታ ጉዞ ጀምረናል። አንተ ምን ትላለህ?"

ናሁሰናይ ስክሪኑን አየ። አረንጓዴ ነው።

"እቴቴ ሙች፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው የሚለው። ሁለት! እግርሽን እንኳ አያርስም።"

"ኧረ ባክህ? ታዲያ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያጓራው?"

"ድንጋይ ነው የሚያስጮኸው። ተመለሽ፣ በዚህ ዝናብ ሰዉን አታንገላቺው።"

"እንግዲህ አንተ ካልክ" አለች። ከዚያ አፏን ከስልኩ መለስ አድርጋ "ተመለሱ! ልጄ ሁለት ብቻ ነው ብሏል!" ብላ ስትጣራ ተሰማው። ደስ አለው። የሰፈሩ ሰው የሚያምነው ልጅ መሆን ደስ ይላል። ምሳውን በላና ተኛ።

በሕልሙ ጠዋት ነበር፤ ሰዉ ግን ሁሉ ከሥራ እየወጣ ነው። የሚገናኙት "ደህና እደር" ይባባላሉ፣ የሚለያዩት "እንደምን አደርክ" ይባባላሉ። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጸሐፊዎችና የክፍል ኃላፊዎች ማኅተማቸውን ታቅፈው ዝናብ ላይ ተሰልፈዋል። ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ኋላ፣ አንድ ገበሬ ጅራፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ተቀምጧል።

"በሬ የለም" አላቸው ቀና ሳይል። "ነገ ተመለሱ።"

"ጌታዬ፣ ትናንትም እንዲሁ ብለውን ነበር" አለ አንድ ከረባት ያሰረ ኃላፊ።

"ትናንት የሌለው ሞፈር ነበር። ዛሬ በሬ ነው የሌለው። አትጨቅጭቀኝ፣ የሚቀጥለው!"

ናሁሰናይ ሊስቅ ሲል አቶ ልሳነወርቅ የኋሊት እየተራመዱ መጡ። በእጃቸው መቀስ ሳይሆን መርፌ ይዘዋል፤ የተቆረጠውን ሪባን እየሰፉ ነው።

"የት ጠፋህ አንተ!" አሉት በጀርባቸው። "ነገ ስለተቆረጠ ዛሬ መሰፋት አለበት። እንግዶቹም ጭብጨባቸውን ሊወስዱ መጥተዋል።"

እውነትም እንግዶቹ ጎንበስ ብለው ጭብጨባቸውን ከወለሉ ላይ እየለቀሙ በፌስታል ይከቱ ነበር። አንዲት ሴትዮ "የእኔ ሦስት ነበር፣ ሁለቱን ብቻ ነው ያገኘሁት" ብላ ናሁሰናይን በክፉ ዓይን አየችው።

ወዲያው ጡሩምባ ተነፋ። ናሁሰናይ ዞር ሲል መሥሪያ ቤቱ የለም፤ ሸንበቆ ሜዳ መሐል ቆሟል። የእድሩ ድንኳን ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ንፍሮው ቀርቧል። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

"ማን ነው ያረፈው?" ብሎ ጡሩምባ ነፊውን ጠየቀው።

"ገና ነው" አለ ጡሩምባ ነፊው። "እኛ እዚህ ከመጨረሻው ነው የምንጀምረው። ለቅሶው ይቀድማል፣ ሟቹ ኋላ ይደርሳል።"

"ታዲያ የማንን ስም ጠርተህ ነው ሰዉን የሰበሰብከው?"

"ስሙን አንተ ታመጣለህ ተብለን አይደል የምንጠብቅህ? ቶሎ በል እንጂ፣ ንፍሮው ቀዘቀዘ።"

ናሁሰናይ ወደ ኋላ አፈገፈገ። "እኔ ማንንም አልገደልኩም!" አለ።

"ማን ገደልክ አለህ ልጄ?" አለች አንዲት አልቃሽ፣ ጉንጯ ላይ የወረደውን እንባ ወደ ዓይኗ እየመለሰች። "አንተማ ቁጥር ብቻ ነው የተናገርከው።"

ፈራ። እዚያች ቦታ ላይ ከመቆም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሮጠ፤ ሲሮጥ ጫማዎቹ ቀድመውት ሄዱ፣ እሱ ተከተላቸው፣ አንድ ረጅም ድልድይ ላይ አደረሱት።

ከድልድዩ ወዲህ ያለው ሕዝብ ሲሄድ አባት ይቀድማል፣ ልጅ ይከተላል። ከድልድዩ ወዲያ ልጅ ይቀድማል፣ አባት ይከተላል። ወዲያ ማዶ ያሉት የቀደመውን ሁሉ ልጅ ነው ብለው፣ የተከተለውን ሁሉ አባት ነው ብለው ያምናሉ፤ ማየት ብሎ ነገር የለም። ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ሽማግሌ ከወዲህ ተሻግሮ ሲደርስ አንሥተው አቀፉት፣ ጡጦ አጎረሱት። ከኋላው እየዳኸ የመጣውን ሕፃን ደግሞ ካባ ደርበው ዳኛ አደረጉት። ሕፃኑ አለቀሰ። "ፍርድ ተሰጠ!" አሉና አንድ ሰው ወስደው አሰሩ።

ድልድዩ መካከል አንዲት ባዶ በርጩማ ተቀምጣለች። አጠገቧ አንድ ዘበኛ ቆሟል፣ ፊቱን በካፖርቱ ኮሌታ ሸፍኗል።

"ይህቺ በርጩማ የማን ናት?" አለ ናሁሰናይ።

"የአሰላፊው።"

"ምን ያደርጋል አሰላፊው?"

"የሚሻገረውን እንደ ማዶው ልማድ ያሰልፋል። 'አባት ወደ ኋላ፣ ልጅ ወደ ፊት' ይላል፣ አለቀ። ከዚህ የቀለለ ሥራ በዓለም የለም።"

"የታለ ታዲያ?"

"አልተቀጠረማ። ቀጣሪው 'ኋላ አስገባዋለሁ' ብሎ ሄደ።" ዘበኛው ኮሌታውን ዝቅ አደረገ። ፊቱ የራሱ የናሁሰናይ ነበር።

ከዚያ እልልታው ቀለጠ። "ዜሮ መጣ! ዜሮ መጣ!" ዜሮ እየተንከባለለ ደረሰ፤ ራስ የለው ጭራ የለው፣ ድልድዩን እንደ ጎማ አቋርጦ እንደገባው ወጣ። አቶ ልሳነወርቅ ሊስሙት ጉንጩን ቢፈልጉ አጡት፣ ዙሪያውን ሁሉ ሳሙት። "አየህ፣ ድልድዩ ይሠራል!" አሉ እያለቀሱ። "ምን ጎደለው?"

ከዜሮ ኋላ ውሃዎች መጡ፣ በየመጠናቸው። መጀመሪያ አንዲት የአምስት ሴንቲ ሜትር ውሃ፣ ቁርጭምጭሚት የማትሞላ፣ አንገቷን ደፍታ ገባች። ወዲያ ማዶ ስትወጣ ተራራ አክላለች። ዘበኛው ጮኸባት።

"ይሄን የሚያህል ውሃ የታለና! ውሸታም!" ብሎ አንሥቶ ከድልድዩ ወረወራት። እንዲህ እንዲያደርግ ያዘዘው ማን ይመስላችኋል? ራሱ ናሁሰናይ ነው፤ ኮዱ ውስጥ "ልክ ያለፈ ቁጥር ከመጣ ስህተት ነውና ጣለው፣ የበፊቱን ማሳየት ቀጥል" ብሎ በእጁ ጽፏል። ትናንሾቹ ውሃዎች ሁሉ እየገዘፉ ወጡ፣ ሁሉም ተወረወሩ። ናሁሰናይ የድልድዩን ጠርዝ ይዞ ቁልቁል አየ። የተጣሉት ሁሉ እታች ተጠራቅመው አንድ ላይ ይንሾካሾካሉ።

በመጨረሻ ትልቁ ውሃ መጣ። አፈር በልቶ ጠቁሯል። ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ በትከሻው፣ የቤት ቆርቆሮ በብብቱ፣ አንድ የሕፃን አልጋ በእጁ ይዟል። ድልድዩ ከሥሩ ተንቀጠቀጠ።

"አምስት ሜትር ከአሥራ ሁለት ነኝ" አለ። "ለሸንበቆ ሜዳ ሰዎች ንገሩልኝ። እኔ ሰው አልጠላም፣ መንገዴ ስለሆነ ነው።"

ገባ። ወዲያ ማዶ ሲወጣ አውራ ጣት የማታህል ጠብታ ሆኗል። "አምስት ሜትር ከአሥራ ሁለት ነኝ! ኧረ ስሙኝ!" እያለ በቀጭን ድምፅ ይጮሃል። ዘበኛው ጎንበስ ብሎ አየው፣ ፈገግ አለ።

"ሁለት ሴንቲ ሜትር። እንዴት ያለ ጨዋ ነው!" አለና አረንጓዴ ሸሚዝ አልብሶ አሳለፈው።

ያኔ ናሁሰናይ ወደ በርጩማዋ ሮጠ። ዘበኛውን በካፖርቱ ያዘው። "ልቀመጥ! እኔ አሰላፊ ልሁን፣ አሁን ልቀመጥ!"

"ቅጥር በኮሚቴ ነው" አለ ዘበኛው። ኮሚቴው እዚያው ጃንጥላ ሥር ተሰብስቦ ነበር፤ አባላቱ እንቁራሪቶች ናቸው፣ ሁሉም መነጽር አድርገዋል።

"ማመልከቻህን አይተነዋል" አለች ሊቀመንበሯ። "የውሃ ጉዳይ የሚታየው በበጋ ነው። በክረምት የድርቅ ጉዳይ ነው የምናየው።"

"ሰው ሊያልቅ ነው'ኮ!"

"ያልቃል። ሲያልቅ ማስረጃ ይዘህ ና።" እንቁራሪቶቹ ለምሳ ተነሡ፣ ጃንጥላውን ዘግተው በየኪሳቸው ከፋፍለው ያዙት።

ናሁሰናይ ወዲያ ማዶ ተሻገረ፤ ማንም አላሰለፈውምና ጉልበቱ ከጫማው ቀድሞ ደረሰ። እዚያ የእንዶዴ ወንዝ ፍራሹን ተሸክሞ፣ ዕቃውን በጆንያ ጠቅልሎ፣ ዳገቱን ወደ ላይ እየሸሸ ነበር። "ሰው ሞላ! ሰው ሞላ!" ይላል እያለከለከ። ዓሦች ልጆቻቸውን አዝለው ይከተሉታል። ታች ሜዳው ላይ በእርግጥም ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም መጥበሻ ይዞ፣ ዘይት አግሎ ይጠብቃል።

አንዲት ያረጀች ዓሣ መንገድ ላይ ቆም አለች። ጭንቅላቷ ላይ የእድር ድስት ተሸክማለች።

"ልጄ፣ የሰዉ ድምፅ ደስ አላለኝም። እናንተ መሣሪያ አላችሁ ይባላል፤ ስንት ሰው ነው የሚለው?"

ናሁሰናይ መዳፉን አየ። መዳፉ ስክሪን ሆኗል፣ አረንጓዴ ያበራል። "ሁለት" ሲል የገዛ ድምፁን ሰማው።

"ሁለት ሰው ብቻ?"

"ሁለት።"

"እንግዲህ አንተ ካልክ" አለች ዓሣዋ። ዞር ብላ ለወገኖቿ "ተመለሱ! ልጄ ሁለት ብቻ ነው ብሏል!" ብላ ተጣራች። ዓሦቹ ሁሉ አመኗት። ልጆቻቸውን እንዳዘሉ፣ እርስ በርስ እየተሳሳቁ፣ ቁልቁል ወደ መጥበሻው ወረዱ።

ናሁሰናይ ሊከለክላቸው አፉን ከፈተ። "ሁለት" አለ። እንደገና ሞከረ፣ አንገቱ እስኪገተር ድረስ ጮኸ። "ሁለት! ሁለት!" ከአፉ የሚወጣ ሌላ ቃል አልነበረም። አሮጊቷ ዓሣ ዞራ በፍቅር አየችው፤ ዓይኖቿ የእቴቴ ማንጠግቦሽ ዓይኖች ነበሩ። "ሰምቼሃለሁ የኔ ጌታ፣ አትጩህ" አለችው፣ ድስቷን አስተካክላም ወረደች።

ነቃ።

ቢሮው ውስጥ ነው። መስኮቱን ዝናብ ይደበድበዋል። አቶ ልሳነወርቅ በር ላይ ቆመው ሻይ ያማስላሉ። "ሕልም እልም" አለ ናሁሰናይ ለራሱ፣ አገጩ ላይ የወረደውን ለሐጭ ጠረገ፣ ሳቅም ቢጤ ቃጣው። ከዚያ ስክሪኑን አየ።

አረንጓዴ። ሁለት።

"ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?" አሉ አቶ ልሳነወርቅ። "ክፉ ሕልም አየህ እንዴ? ለደግ ያድርግልህ።"

ናሁሰናይ በአንድ እጁ የእቴቴን ስልክ እየደወለ በሌላው ያቺን መስመር ጻፋት። ያቺ ከግንቦት ጀምሮ "ኋላ" የተባለችው መስመር ሻይ ተማስሎ ሳያልቅ ተጽፋ አለቀች። ኮዱን አስነሣው። ስክሪኑ ቀላ። ስድስት ሜትር አለ።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አሉ አቶ ልሳነወርቅ። "ተበላሸ እንዴ?"

ስልኩ ተነሣ።

"እቴቴ! የት ነሽ?"

"ቤቴ ነኛ! ተመለሽ አላልከኝም?" አለች። ከኋላዋ ድስት ከድስት እየተንሳፈፈ ይጋጫል፣ ሕፃን ያለቅሳል። "እሰይ ደወልክ፣ እኔም ልደውልልህ ነበር።"

"ውጪ! አሁኑኑ ሰዉን ይዘሽ ውጪ!"

"አይሰማኝም የኔ ጌታ፣ ድምፅህ ይቆራረጣል። አንዲት ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ሰዉ ሁሉ አልጋ ላይ ወጥቶ 'ልጅሽን ጠይቂው' እያለኝ ነው። እናንተ ሴንቲ ሜትር የምትሉት ስንት ክንድ ነው? ሁለቱ እኔ ጋ ወገቤ ደርሷል።"